ለማላውቀው ሟች የሕይወት ታሪክ ስጽፍ

ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ፣ ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ አለ። እዚያ የተሰቀለው የኳስ ወርዋሪው የዋልተር ጆንሰን የነሐስ ሰሌዳ ሰውየው 414 ጨዋታ እንዳሸነፈ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የታተሙ ብዙ መጻሕፍት 416 ይላሉ። ዛሬ ተቀባይነት ያለው ቁጥር ደግሞ 417 ነው። ጆንሰን ለመጨረሻ ጊዜ በሊግ ኳስ የወረወረው በ1927 ነው፤ ያረፈው በ1946። (ዓመቶቹን በምኖርበት አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዚያ ወዲህ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም፤ ቁጥሩ ግን አላረፈም።

ይህን የማውቀው ቤዝቦል ወዳጅ ሆኜ አይደለም። ያደግሁት በእግር ኳስ ነው፤ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላም ቤዝቦል ለረጅም ጊዜ ሰዎች ቆመው የሚተያዩበት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። በ2019 መኸር የዋሽንግተኑ ናሽናልስ ወርልድ ሲሪስ የሚሉትን ዋንጫ (የዓለም አገሮች የማይጋበዙበትን የዓለም ዋንጫ ማለት ነው) ሲያነሣ ግን ታክሲዬ ውስጥ የገባ ሁሉ «ዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው» ይለኝ ጀመር። አንድ አዛውንት ተሳፋሪ በጆርጂያ አቬኑ ስናልፍ ጣታቸውን ወደ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዘርግተው፣ የ1924ቱ ድል የተገኘው እዚያ እንደነበር ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። ሆስፒታሉ የቆመው የግሪፊዝ ስታዲየም መሬት ላይ ነው፤ ስታዲየሙ በ1965 ፈረሰ፣ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተ። ከዚያ ቁልቁል ጥቂት በእግር የሄደ ሰው ዘጠነኛው ጎዳናና ዩ ጎዳና ላይ ክትፎና ቡና ያገኛል። እኔም መኪናዬን እዚያ አቁሜ ስበላ ኖሬአለሁ። እዚያው ሰፈር ዋልተር ጆንሰን የሚባል ሰው ከ1907 ጀምሮ ለሃያ አንድ የውድድር ዘመን ለአንድ ቡድን ብቻ ሲወረውር እንደኖረ የነገረኝ ግን አልነበረም።

ከሥራ ስመለስ የጆንሰንን ታሪክ ውክፔዲያ (ማንም አንባቢ ሊያርመው የሚችል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት) ላይ ከፍቼ አነበብሁ። የያዘኝ ጽሑፉ ራሱ አይደለም። በገጹ አናት ላይ የለውጦች ታሪክ የሚታይበት ማውጫ አለ። እሱን የተጫነ ሰው፣ ጽሑፉ ከተጀመረበት ዕለት አንሥቶ ማን ምን እንደጨመረ፣ ማን ምን እንደሰረዘ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነና ለምን እንዳደረገው ጭምር ተደርድሮ ያገኘዋል። አንድ ሰው አንድ ቅጽል ያስገባል፤ ሌላው ያወጣዋል። አንዱ 3,508 ይላል፤ ሌላው 3,509። ሌሊቱን እሱን ሳነብ አነጋሁት ብል ማጋነን አይሆንም።

ለምን እንደያዘኝ ልናገር። ሜሪላንድ ውስጥ ያለው የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ከመላኩ በፊት በጸሎተ ፍትሐቱ ላይ የሚነበበው ያ አንድ ገጽ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ነው። ቅርጹን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በወሎ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ዕድሜአቸው ለትምህርት ሲደርስ…» ሟቹ ሁልጊዜ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነው። ሲቆጣ አይታወቅም። ሁለት ጊዜ እንዳገባ አይነገርም። ልጆቹ ያሉትን እጽፋለሁ፤ ልጆቹ ካልተስማሙ ታላቅየው ያለውን። ማንም ሰው «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎኝ አያውቅም፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር እኔም አልወደውም።

እንግዲህ በዚህ እጄ ነው ጆንሰንን ማረም የጀመርሁት። መጀመሪያ የጻፍሁት ዓረፍተ ነገር «ደግና ትሑት ሰው ነበር» የሚል ነበር። ሌሊቱ ሳያልፍ ወጣ። ያወጣው ሰው በውይይት ገጹ ላይ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ደግነቱን የመሰከረው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ጸሐፊው አያመሰግንም፣ አያወግዝም፤ ያመሰገነ ሰው ካለ ማን እንደሆነና የት እንደታተመ ይጠቀሳል። ይህ ደንብ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ሰውየው ደግ ነበር! ዘመኑን የሚያውቁ ሁሉ የተስማሙበት ነገር ነው። ኳሱ እጅግ ፈጣን ስለነበር አንድ ቀን ሰው እገድላለሁ ብሎ ይፈራ ነበር። ታይ ኮብ የተባለው የዲትሮይት ክፉ መቺ ይህን ፍርሃቱን ስላወቀበት፣ ጆንሰን ሲወረውር ሆን ብሎ ወደ ሆም ፕሌቱ (ኳሱ በላዩ እንዲያልፍ ወደሚወረወርበት፣ መሬት ላይ ወዳለው ነጭ ሰሌዳ) ተጠግቶ ይቆም ነበር፤ ጆንሰን እንዳይመታው ኳሱን ወደ ውጭ ሲያርቅለት ኮብ ዕድሉን ያገኛል። እኔም ቅጽሌን ትቼ የኮብን ታሪክ ከነምንጩ አስገባሁ። እሱን ማንም አልነካብኝም። እዚያው ገጽ ላይ ግን፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ይኸው ሰው በዘመኑ ከ200 በላይ መቺዎችን በኳስ እንደመታ ተጽፏል። በዕድራችን ወረቀት ቢሆን ይህ ቁጥር የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም ነበር።

የቁጥሮቹ ጠብ ከዚህ የከረረ ነው። ወርዋሪው መቺውን በሦስት ስትራይክ (መቺው በሳተው ወይም ሳይመታ ባሳለፈው ትክክለኛ ውርወራ) ሲያስወጣ ስትራይክአውት ይባልለታል። በዚህ ቁጥር ጆንሰን ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አንደኛ ነበር። ኖላን ራያን በሚያዝያ 1983 ሞንትሪያል ላይ ክብረ ወሰኑን ሲሰብር የጆንሰን ቁጥር 3,508 ተብሎ ነበር የተያዘው፤ በኋላ የድሮ መዝገቦች ሲመረመሩ 3,509 ሆነ። እንግዲህ አስቡት፦ ራያን 3,509ኛውን አግኝቶ ያ ሁሉ ሕዝብ የተነሣለት ዕለት፣ በዛሬው ሂሳብ ገና ከሟቹ ጋር እኩል ነበር። ገጹ ላይ አንዱ ወገን የድሮውን ቁጥር ይመልሳል፣ ሌላው አዲሱን። በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን እርማት የሰረዘ ሰው ሊታገድ ስለሚችል፣ ነገረኞቹ ሦስተኛዋ ላይ ቆመው ነገን ይጠብቃሉ። እኔ የዕድር ሰው ነኝ፤ ሽምግልና ልማዴ ነው። በውይይት ገጹ ላይ ገብቼ አዲሱ ቁጥር በጽሑፉ ውስጥ ይቀመጥ፣ የድሮው ከነምክንያቱ በግርጌ ማስታወሻ ይገለጽ አልሁ። ሁለቱም ወገኖች አንዳንድ ቃል ካስለወጡኝ በኋላ ተቀበሉ። ድምፄን አልሰሙ፣ ከየት እንደመጣሁ አልጠየቁ። የጠየቁኝ የመጽሐፉን የገጽ ቁጥር ብቻ ነው። እንግሊዝኛዬን ሰምቶ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው በማይጠፋበት አገር ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከሁሉ ግን የ1913ቱን ታሪክ እወደዋለሁ። ያን ዓመት ጆንሰን 36 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው በ7 ብቻ ነው። ወርዋሪ የሚመዘንበት ሌላ ቁጥር አለ፤ በዘጠኝ ዙር በአማካይ ስንት ነጥብ እንደተቆጠረበት የሚያሳይ፣ ባነሰ መጠን የሚያስመሰግን። የጆንሰን የ1913 ቁጥር ለብዙ ዘመን 1.09 ሆኖ ኖረ። ዛሬ 1.14 ነው። ልዩነቱ የመጣው ከአንድ ቀልድ ነው። የውድድሩ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ከቦስተን ጋር፣ ምንም የማይወስን ስለነበር ተጫዋቾቹ ሕዝቡን ለማሳቅ ቦታ እየተቀያየሩ ይቀልዱ ነበር። ጆንሰን በሜዳው የኋላ ክፍል ተከላካይ ሆኖ ቆይቶ ለመወርወር ተጠራና ለሁለት መቺዎች ለስለስ ያለ ኳስ ሰጣቸው፤ ሁለቱም መቱ። እሱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የተተካው ሰው ወርዋሪ እንኳ አልነበረም፤ ሁለቱም ሯጮች ነጥብ አገቡ። ነጥቦቹ ግን የጆንሰን ናቸው። የዘመኑ መዝጋቢ ነገሩን ከቀልድ ቆጥሮ ተወው፤ የኋለኞቹ ቀልድ አያውቁም፣ መዘገቡት። በዚህ የተነሣ በ1968 1.12 ያስመዘገበው ቦብ ጊብሰን፣ ከጆንሰን ሲያንስ ኖሮ፣ አንድ ቀን ሳይወረውር በለጠው።

ይህን ሳጣራ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን በነፃ በኢንተርኔት እንደሚያስነብብ አወቅሁ፤ ኢቭኒንግ ስታር የተባለው የዋሽንግተን ጋዜጣም እዚያ አለ። የስፖርት ገጹን ከፍታችሁ የጨዋታውን ሰንጠረዥ አጉሉት። ፊደሉ እንደ ተልባ የደቀቀ ነው፤ ቀለሙ ፈስሶ 3 ይሁን 8 የማይለይበት ቦታ አለ፤ የወረቀቱ እጥፋት አንዱን የተጫዋች ስም ለሁለት ከፍሎታል። ጆንሰንን ትቼ ማስታወቂያዎቹን ሳነብ ብዙ ሌሊት አልፎብኛል። ከዚያ ደግሞ ጥቅምት 1924 ላይ ደረስሁ፤ ራስ ተፈሪ ከአውሮፓ ጉብኝታቸው የተመለሱበት ዓመት። ጆንሰን ዕድሜው ሠላሳ ሰባት ሊሞላ ነው፤ በወርልድ ሲሪሱ ከኒውዮርክ ጋር ሁለት ጊዜ ወርውሮ ሁለቱንም ተሸንፏል። በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ሦስት ለሦስት እንደሆኑ፣ ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ከነባለቤታቸው እየተመለከቱ፣ በዘጠነኛው ዙር ገባ። አራት ዙር ሙሉ አንድም ነጥብ ሳያስገባ አቆያቸው። በአሥራ ሁለተኛው ዙር የዋሽንግተኑ ማክኒሊ የመታት ኳስ መሬት ለመሬት ስትሄድ ድንገት ነጥራ በኒውዮርኩ ተከላካይ ራስ ላይ አለፈች፤ በዚያችው ዋሽንግተን አራት ለሦስት አሸነፈች። ብዙዎች ጠጠር ነክታ ነው ይላሉ። ጠጠሯን አየሁ ያለ የዓይን ምስክር ለማግኘት ብዙ ፈልጌአለሁ፤ ገጹ ላይም «ይባላል» ከሚለው ቃል እንዳታልፍ የምጠብቃት እኔ ነኝ።

በኋላ ታሪኩን ወደ አማርኛው ውክፔዲያ ላስገባ ተነሣሁ። የመጀመሪያው መስመር ከእጄ ሳላስበው እንዲህ ሆኖ ወጣ፦ «ከአባቱ ከፍራንክ ጆንሰን፣ ከእናቱ ከሚኒ ፔሪ፣ በካንዛስ ግዛት፣ ሀምቦልት አካባቢ ተወለደ።» ተውኩት፤ ደንብ አይከለክልም፣ ምንጭም አለው። ልደቱ ኅዳር 6 ቀን 1887 ነው፤ በእኛ ስመልሰው ጥቅምት 27 ቀን 1880 ዓመተ ምሕረት ሆነ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ «ውይ፣ መድኃኔዓለም!» አለች። ጆንሰን ሥራውን ከተወ በኋላ እዚሁ እኛ በምንኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ጀርመንታውን አካባቢ ከብት እያረባ ኖሯል፤ በ1938 የካውንቲው ኮሚሽነር ሆኖ ተመርጧል፤ በ1940 ለኮንግረስ ተወዳድሮ ተሸንፏል፤ የተቀበረው ሮክቪል ነው። ቤቴዝዳ ያለው በስሙ የተሰየመ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ የእኛን ልጆች ጭምር ያስተምራል። ይህን ሁሉ ከነምንጩ አስገብቻለሁ። የስታዲየሙ ሰፈር ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤቶች መንደር ሆኗል የሚለውን በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ባስገባው ግን ከሰውየው ታሪክ ጋር አይገናኝም ብለው አወጡት። በአማርኛው አለ፤ የሚያወጣው ሰው እስኪመጣ።

ይህ ልማድ ወደ ዕድሩም መግባቱ አልቀረም። ከዕድሜ ነው የሚጀምረው። እዚህ አገር ያለን ብዙዎቻችን ሁለት ልደት አለን፤ አንዱ የወረቀት፣ አንዱ የእናት። በሱዳን ያለፈ ሰው ሁሉ በጃንዋሪ 1 የተወለደ ይመስላል። ከዚህ በፊት በለቅሶ ላይ የሚነበበው የቱ እንደሆነ አልጠይቅም ነበር፤ አሁን እጠይቃለሁ። አንዳንድ ቤተሰብ ቅር ይለዋል። ዕድራችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ግን ይህን ሰምተው አንድ ቡናማ ፖስታ ይዘው መጡ።

«የእኔን በቁሜ ጻፈው» አሉኝ። «ስሞት ልጆቼ ይዋሻሉ።»

«ጋሼ፣ ምነው እንዲህ ይላሉ?» አልኋቸው።

«ዝም ብለህ አጣራ። ለዚያ ለኳስ ወርዋሪ የደከምከውን ያህል ለእኔ አትደክምም?»

ፖስታው ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤታቸው፣ የካርቱም የስደተኛ ወረቀታቸው፣ ሠላሳ ዓመት የሠሩበት የመኪና ማቆሚያ የምስጋና ምስክር ወረቀትና ፊቱ የደበዘዘ ፎቶግራፍ አለ። የካርቱሙ ወረቀት 1948 ተወለዱ ይላል፤ በዚያ ምክንያት ጡረታቸውን ዘግይተው ነው ያገኙት። ደሴ ያሉት ታላቅ እህታቸው በስልክ ሲጠየቁ ጣልያን በወጣ በዓመቱ ነው የተወለደው ይላሉ፤ ይህ ወደ 1942 ይወስደዋል። የሚኒስትሪው ወረቀት ዕድሜ የተጻፈበት ቦታ ላይ ውኃ ነክቶታል።

«እህቴ ምንጭ ናት ወይስ አይደለችም?» አሉኝ።

በውክፔዲያ ደንብ አይደሉም፤ ያልታተመ ቃል አይጠቀስም። ሁለቱንም ዓመት ጻፍሁ፤ የእህታቸውን አስቀድሜ፣ የካርቱሙን በግርጌ ማስታወሻ።