«አያመኝም»

በፊዚዮቴራፒስትነት ሥራዬ በታካሚ ካርድ ላይ ከጻፍኳቸው ቃላት ሁሉ የሚያሳፍረኝ «ደህና» የሚለው ነው።

ጋሼ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ 61 ዓመታቸው። የመለኪያ መሣሪያቸውን ተሸክመው ቁልቁለት ሲወርዱ እግራቸው እንደተተከለ ሰውነታቸው ዞረ። ጉልበታቸው ውስጥ «ጧ» አለ፤ ሳይመሽ አበጠ። ጉልበት ውስጥ የጭንንና የቅልጥምን አጥንት የሚያያይዘው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል። እኔ ታዲያ ካርዱ ላይ ዕድሜያቸውን አየሁና «በዚህ ዕድሜ ቀዶ ጥገና ምን ያደርግልዎታል? ጭንዎን እናጠንክር» አልኳቸው። ማጠንከሩ ስሕተት አልነበረም፤ ያለዚያ ጅማት በእንቅስቃሴ ብቻ ተደላድለው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው። በየሳምንቱ «ሕመም አለ?» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያመኝም» ይላሉ፤ «ደህና» ብዬ እጽፋለሁ።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን እስከ በር ሸኘኋቸው። የመጨረሻዋን ደረጃ ሲወርዱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ትከሻዬን ይዘው ተረፉ።

«ጋሼ፣ ይህ ስንተኛው ነው?»

ከኮታቸው ኪስ የመስክ ደብተር አወጡ። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተዳፋቱ መጠን በእርሳስ ተሰልፎ ተጽፏል። 14 ጊዜ!

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ሕመም ነው። አያመኝም።»

ኤምአርአይ ሲነሡ፣ ጉልበቱ በከዳ ቁጥር በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልም አጥንት ሲቆነጠጥ ከርሞ ተቀዷል። የአጥንት ሐኪሙ ከዕድሜያቸው ይልቅ ሥራቸውን ጠየቃቸው፤ መገጣጠሚያው በአርትራይተስ አለመጎዳቱን አየ፤ ከጭናቸው ጀርባ ጅማት ወስዶም በተበጠሰው ቦታ ተከለላቸው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በስምንተኛው ሳምንት ሌላ ጭቅጭቅ መጣ። እብጠቱ የለም፣ ሕመሙ የለም፤ ጋሼ ወደ ቁልቁለታቸው ሊመለሱ ነው። የተተከለው ጅማት የደም ሥር ገብቶበት እንደ አዲስ እስኪሠራ ድረስ ከመጠንከሩ በፊት እንደሚደክም፣ ጉልበት ወደሚያጣምም ሥራ ለመመለስም ዘጠኝ ወር ገደማ እንደሚያስፈልግ አስረዳሁ። አልተዋጠላቸውም። ሜትሬን አወጣሁና ከጉልበታቸው ሎሚ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብዬ የሁለቱን ጭኖች ዙሪያ ለካሁ። የታከመው በ3 ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ ጡንቻው ገና አልተመለሰም።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። «መነሻ ነጥብህን ምልክት አላደረግህበትም» አሉ። እስክሪብቶዬን ተቀብለው በሁለቱም ጭኖቻቸው ላይ ነጥብ አስቀመጡ። «በል፣ ድገመው።»

ደገምኩት። ሦስት ተኩል ሆነ።

ምንም ሳይናገሩ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት።