ዜሮ ብዬ የጻፍሁበት ሪፖርት

በወንጌል ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስለ መዛል ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስደትን፣ ሕመምን ወይም የገንዘብ እጥረትን ነው። እኔን ያዛለኝ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ያዛለኝ፣ በየሦስት ወሩ ለላከችኝ ቤተ ክርስቲያን የምሞላው የሪፖርት ቅጽ፣ በተለይም «በዚህ ሩብ ዓመት ጌታን የተቀበሉ» የሚለው ዓምድ ነበር።

ወደ ተላክሁበት ሕዝብ ከደረስሁ በኋላ ቋንቋውን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ በሦስተኛው ዓመት ያለ አስተርጓሚ ማስተማር ጀመርሁ። ሰዎቹ አልተቃወሙኝም፤ እንዲያውም በጨዋነት አዳምጠውኝና መርቀውኝ ወደየሥራቸው ይሄዱ ነበር። ቢቃወሙኝ ኖሮ ቃሉ አንድ ቦታ እንደ ነካቸው እገምት ነበር፤ ጨዋነታቸው ግን የምይዘውን ነገር አሳጣኝ። በአራተኛው ዓመት አብሮኝ የተላከው ወንድም በቤተሰብ ምክንያት ተመለሰ። አልፈርድበትም፤ ይሁንና ከዚያ ወዲያ በማታው ጸሎት ላይ «አሜን» የሚለኝ ሰው አልነበረም።

በእነዚያ ዓመታት የሚያጽናናኝ የቀደሙት ሚሲዮናውያን ታሪክ ነበር። ዊልያም ኬሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1793 ሕንድ ገብቶ የአገልግሎቱን የመጀመሪያ ሂንዱ አማኝ፣ ክሪሽና ፓልን፣ ያጠመቀው በ1800 መጨረሻ ላይ ነው፤ ሮበርት ሞሪሰን በ1807 ቻይና ደርሶ የመጀመሪያውን ሰው ለማጥመቅ እስከ 1814 ጠብቋል፤ አዶናይራም ጀድሰንም በ1813 በርማ ከገባ በኋላ የመጀመሪያውን በርማዊ አማኝ፣ ማውንግ ናውን፣ እስኪያጠምቅ ድረስ ስድስት ዓመት ገደማ አልፎታል። እኔ ከዚህ ሁሉ የወሰድሁት ግን ትዕግሥትን ሳይሆን ቀጠሮን ነበር። ሰባተኛው ዓመት የፍሬ ዓመት ነው ብዬ ለራሴ ወሰንሁ፤ እግዚአብሔርም በዚህ ውል ላይ የፈረመ ይመስል ዓመታቱን መቁጠር ያዝሁ። ሰባት ዓመት በመጽሐፍ ላይ የግማሽ መስመር ንባብ ነው፤ በመስክ ላይ ግን ከ2,500 በላይ ማለዳዎች ናቸው።

ሰባተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል የመጨረሻው ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ሌላውን ሁሉ ሞልቼ ወደዚያ ዓምድ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። መጀመሪያ አንዲት ነጥብ አደረግሁ፤ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነጥቧን ወደ 4 ለወጥኋት። አራቱን ሰዎች ዛሬም በፊታቸው አስታውሳቸዋለሁ። አንዱ ለታመመች ልጁ እንድጸልይለት የጠየቀኝ አባት ነው፤ ሁለቱ በዚያው ጸሎት ላይ ቆመው አሜን ያሉ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ አራተኛው መጽሐፍ ቅዱስ ስጠኝ ብሎ የለመነኝ፣ ኋላ እንደ ተረዳሁት ግን ማንበብ ሊለማመድበት የፈለገ ወጣት ነበር። ዋሸሁ አላልሁም፤ «በእምነት ጻፍሁት» አልሁ። በእኛ ዘንድ «በእምነት» የሚለው ቃል ስንት ነገር እንደሚሸፍን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤ፣ ምእመናኑ ስለ አራቱ ነፍሳት ከመቀመጫቸው ተነሥተው እግዚአብሔርን እንዳመሰገኑ ይናገራል። ያን ካነበብሁ በኋላ ለብዙ ቀናት መጸለይ አቃተኝ። እስከዚያ ድረስ ተስፋ መቁረጥን የማውቀው ሥራን ጥሎ እንደ መሄድ አድርጌ ነበር፤ አንድ ሰው በቦታው ሳለ፣ ቅጹንም በጊዜው እየላከ ተስፋ ሊቆርጥ እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ እግዚአብሔር ያልሠራውን ሠራ ብዬ የጻፍሁት የሚሠራ ስላልመሰለኝ ነው።

በዚያ ሰሞን ትንቢተ ኤርምያስን ሳነብብ 25ኛው ምዕራፍ ላይ ደረስሁ። ነቢዩ ለ23 ዓመት ማለዳ እየተነሣ እንደ ተናገረ፣ ሕዝቡም እንዳልሰሙት ለራሳቸው ይነግራቸዋል። በዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ፤ ነገር ግን የሰሚዎቹን ልበ ደንዳናነት ለማሳየት እንጂ ተናጋሪው እንዴት እንደ ሰነበተ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን የነካኝ ዓመታቱን ቆጥሮ፣ ውጤቱንም ሳያሳምር በአደባባይ መናገሩ ነው። ሪፖርት ቢጠየቅ ኖሮ በዓምዱ ውስጥ የሚጽፈው ያንኑ ነበር።

በማግስቱ አዲስ ቅጽ አውጥቼ ዜሮ ብዬ ጻፍሁ፤ የቀደመው ቁጥር ሐሰት እንደ ነበረም ለሚሲዮን ክፍሉ ኃላፊ በግልጽ ተናዘዝሁ። ከቅጹ በታች በቀረው ባዶ ቦታ ምን እንደምጽፍ ግራ ቢገባኝ ስለ አንድ ሽማግሌ ጻፍሁ። ዓይናቸው ስለ ፈዘዘ በየማክሰኞው የማርቆስን ወንጌል አነብላቸዋለሁ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጨርሰነዋል፤ በቅርቡ ወድቀው ጉልበታቸውን ስለ ተጎዱ ከደጃፋቸው አይርቁም፤ ንባቡን ይወዱታል፤ አላመኑም።

መልሱ እስኪመጣ ሁለት ወር ፈጀ። እኔም በዚያ ጊዜ አኗኗሬን ማስተካከል ጀመርሁ። በመጀመሪያ ተኛሁ፤ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ ከወቀሳ በፊት እንዲበላ እንዳደረገው፣ እንደገናም እንዲተኛ እንደ ተወው ማስተዋል ለዚያ በቂ ምክንያት ሆነኝ። ቀጥሎ አንድ ደብተር ያዝሁ። በደብተሩ ላይ ሰዎች ያደረጉትን ሳይሆን እኔ የታዘዝሁትን ብቻ እጽፋለሁ፦ ማንን እንደ ጠየቅሁ፣ ምን እንዳነበብሁለት፣ ቃል ገብቼ ያልፈጸምሁት ምን እንደ ሆነ። የመጨረሻው ከሁሉ ረዘመ፤ ስለ ፍሬ ሳማርር የኖርሁ ሰው ስንት ታማሚ እጠይቃለሁ ብዬ እንዳልጠየቅሁ አየሁት። በራሴ ቃል መጸለይ ሲያቅተኝ ደግሞ መዝሙር 88ን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብ ነበር፤ መዝሙሩ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ የሚያበቃ ሲሆን፣ ይህን የመሰለ ጸሎት ከቅዱሳት መጻሕፍት መካከል መቀመጡ ደስ የማይል ጸሎት መጸለይ እንደሚፈቀድልኝ አሳመነኝ።

የኬሪንም ታሪክ በሌላ ዓይን ደግሜ አነበብሁት። በእነዚያ ሰባት ዓመታት የአምስት ዓመት ልጁን ቀብሯል፤ የሚስቱ አእምሮ ታውኮበታል፤ ለኑሮው የኢንዲጎ ቀለም ማምረቻ ያስተዳድር ነበር። በ1801 የታተመው የቤንጋልኛ አዲስ ኪዳን በአብዛኛው የተተረጎመው ግን በእነዚያው ማንም ባላመነባቸው ዓመታት ነው። እኔ የጥምቀቱን ቀን ስጠብቅ እርሱ ግሥ እያረባ ነበር።

የኃላፊው መልስ አጭር ነበር። ለምእመናኑ እውነቱን ራሱ እንደሚነግራቸው ከገለጸ በኋላ፣ «ለመሆኑ እኚያ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ተሻላቸው?» ይላል።

ማክሰኞ ዕለት ጥያቄውን አደረስሁላቸው። ተገረሙ።

«እኔን እንዴት አወቁኝ?»

«እኔ ጽፌላቸው ነው፣ አባቴ።»

«ምን ብለህ ጻፍህ?»

መሸሸጊያ አልነበረኝም። «ቃሉን በደስታ ይሰማሉ፤ ነገር ግን አላመኑም ብዬ ነው» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። «እውነትህን ነው፣ ልጄ፤ አልዋሸህም» አሉና ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ ባለፈው ሳምንት ያቆምንበትን ገጽ እንድገልጥ በእጃቸው አመለከቱኝ።