ረጅሙን ሸቭሮሌት አጭር ስናደርገው

ሻንሲውን፣ ማለትም አካሉን ሁሉ የሚሸከመውን የብረት አጥንት፣ ቆርጠን ያሳጠርነውን የ1972ቱን ሸቭሮሌት ሲ10 ፒክአፕ ያየ ሰው ሁሉ ያው ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። «ሻንሲው ተቆርጦ እንዴት ታምነዋለህ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ልጆቼን ይዤ በዳላስ አውራ ጎዳና የምነዳው መኪና ነው። ስለዚህ መልሱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ልኩ ከየት መጣ? ከ1967 እስከ 1972 የተሠሩት ሲ10ዎች ከፋብሪካ በሁለት ርዝመት ይወጡ ነበር። የጭነት ሳጥኑ 8 ጫማ የሆነው ረጅሙ፣ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል 127 ኢንች ነው። ባለ 6 ጫማ ተኩሉ አጭሩ ደግሞ 115 ኢንች። ልዩነቱ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ነው። ጋቢናው ያው ነው። እኛ አዲስ ልክ አልፈጠርንም፤ ፋብሪካው ራሱ በሠራው ልክ ነው ያሳጠርነው። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ዓይኔ ስለወደደው ብቻ 20 ኢንች ልቀንስ የሚለኝ ሰው ቢመጣ አላግዘውም።

ረጅሞቹ በአብዛኛው የእርሻና የሥራ መኪና ሆነው የኖሩ ናቸው። አሁን ሰው የሚሻማው አጭሮቹን ነው፤ ዋጋቸውም እንደዚያው።

ሥራውን አብረውኝ የሠሩት ጋሼ ናቸው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና ሻንሲ ሲበይዱ የኖሩ፣ አሁን ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ ሰው። ግራይንደር (የብረት መቁረጫ ማሽን) ይዤ ሲያዩኝ፣ «እሱን አስቀምጥና ሜትር አምጣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መለካት ብቻ ነው። የጋራዡ ወለል ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ውሃ ልኩን ከወለሉ ሳይሆን ከሻንሲው ላይ ነው የወሰድነው። በሁለቱም ጎን፣ ከሚቆረጠው ቦታ ፊትም ኋላም ጠንካራ መደገፊያ ገባ። ይሄ ካልተደረገ ሻንሲው ሲቆረጥ መሀሉ ይወርዳል። ከዚያ በሹል ብረት ምልክት መትተን፣ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ እያመሳቀልን ለካን። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ መኪናው ዕድሜውን ሙሉ በጎን ነው የሚሄደው።

የመቁረጫው ቦታ እንደፈለጉ አይመረጥም። የሲ10 የኋላ እግር በጥምዝማዛ ሞላ (ስፕሪንግ) ነው የሚሠራው፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን አክስል ወደፊት የሚሄዱ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ይይዙታል፤ ክንዶቹ ደግሞ ሻንሲው ላይ ባለ ማገር ላይ ይታሰራሉ። ማገሩ፣ ክንዶቹና አክስሉ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሳይቀይሩ አብረው ወደፊት መምጣት አለባቸው። ከአክስሉ ኋላ ያለው ጅራትም ከአጭሩ የጭነት ሳጥን ጋር እንዲገጥም ያጥራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሻንሲውን ከላይ ወደታች ቀጥ አድርጎ ቆርጦ፣ ገጥሞ መበየድ አደገኛ ነው። ጭነት ሲኖር በሁለቱ ጎማዎች መሀል ያለው የሻንሲ ክፍል ወደታች መጉበጥ ይፈልጋል። የላይኛው ጠርዝ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል፤ መሀሉ ላይ ያለው ጫና ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ የተቆረጠው እንደ ደረጃ ነው። ከላይ አንድ ቦታ ይወርዳል፣ በመሀሉ ከፍታ ላይ በሻንሲው ርዝመት አግድም ይሄዳል፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ላይ ወደታች ይጨርሳል። በዚህ መንገድ የላይኛው ብየዳና የታችኛው ብየዳ አንድ መስመር ላይ አይገናኙም። ከውስጥ በኩል ደግሞ ወፍራም ብረት ይደረብበታል፤ ጫፎቹ ቀጥ ብለው ሳይሆን ሾል ብለው ነው የሚቆረጡት። ቀጥ ያለ ጫፍ ላይ የተበየደ እንደሆነ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያው ነው።

ጋሼ ሲበይዱ ማየት ደስ ይላል። ትንሽ ይበይዳሉ፣ ወደ ሌላው ጎን ይዞራሉ፣ ሜትር ይጠይቃሉ። በአንድ ትንፋሽ ቢበየድ ሙቀቱ ሻንሲውን ይጠመዝዘዋል። ባትሪው ደግሞ ቀድሞ መነቀል አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፤ ግን ችላ የሚባል አይደለም። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ በባለሙያ ይቆረጣል፣ ሚዛኑም በማሽን ይስተካከላል። ያለዚያ ፍጥነት ሲጨመር መኪናው ይንቀጠቀጣል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ የአጭሩ መኪና ይገዛለታል። የፍሬን ዘይት ቱቦውን ግን አትቀጥሉት፤ ሙሉውን በአዲስ ቀይሩት። እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አይገባም። ሽቦውን አልቆረጥነውም፤ ትርፉን አጥፈን አሰርነው። የነዳጅ ታንኩ በነዚህ ዓመታት ሲ10 ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ኋላ ስለሆነ አላስቸገረንም።

መኪናው አሁን ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞር ልዩነቱ ይታወቃል። በየዘይት ለውጡ ከሥር ገብቼ ብየዳዎቹን በባትሪ መብራት አያለሁ፤ ቀለሙ ላይ የፀጉር መስመር የምታህል ስንጥቅ እንኳ የለም።

ከ1973 እስከ 1987 ያለውን ሞዴል የያዛችሁ፣ ይሄን ልክ እንዳትወስዱ። የናንተው ረጅሙ 131.5፣ አጭሩ 117.5 ኢንች ነው፤ የሚወጣው 14 ኢንች ነው ማለት ነው። ታንኩም ከሻንሲው ውጭ በጎን ነው የተንጠለጠለው። ግራይንደር ከመነሳቱ በፊት ታንኩ ወርዶ ከጋራዡ ይውጣ።