ገዢ ያጣውን ፌስታል ወደ ጋዝ ስቀይር

ባሕር ዳር ላይ ሃይላንድ ወድቆ አይቆይም፤ ለቅሞ የሚሸጠው አለ። ፌስታልና የብስኩት ልባስ ግን የሚፈልጋቸው የለም። ክረምት ሲገባ ጎርፉ በቦዩ ጠርጎ ጣና ይከታቸዋል። ጋዚፊኬሽን፣ ማለትም ፕላስቲክን በሙቀት ወደሚነድ ጋዝ መቀየር ውስጥ የገባሁት ለእነዚህ ብዬ ነው።

አሠራሩ ከተራ ማቃጠል ይለያል። አየሩን ቆጥበህ ትሰጠዋለህ፣ ሙቀቱን ከ700 ዲግሪ በላይ ታወጣዋለህ። ፕላስቲኩም ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ይፈርሳል። ጃፓን ካዋሳኪ ከተማ ሾዋ ዴንኮ የከፈተው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በዚህ መንገድ ከሚያገኘው ሃይድሮጂን አሞኒያ ያመርታል። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። የጎጃም ገበሬ በየክረምቱ በጉጉት የሚጠብቀውን ዩሪያ ማለቴ ነው! ልቤን የገዛችው ይቺ ነገር ናት።

የኔው ትንሽ ነው። በያጅ የሠራልኝ በርሜል፣ አየር የሚገፋ ማራገቢያ፣ መጨረሻው ላይ ጋዙ የሚነድበት ቱቦ። ዋናው ሥራ ያለው ግን ሳፋው ላይ ነው። ቁርጥራጩን ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። ፌስታልና የጀሪካን ስባሪ ይንሳፈፋሉ፣ ፒቪሲ የሚባለው ክሎሪን ያለበት የቧንቧና የገመድ ፕላስቲክ ይሰምጣል። ስስ ፕላስቲክ አየር ስለሚይዝ ውሃው ውስጥ በደንብ መታሸት አለበት። ከተጠራጠርኩ የመዳብ ሽቦ አግዬ ፕላስቲኩን እነካና ሽቦውን መልሼ እሳት ላይ እይዘዋለሁ፤ ደጅ ላይ፣ ጭሱ ወደማይመጣበት ቆሜ። ነበልባሉ አረንጓዴ ካለ ክሎሪን አለበት፣ ይጣላል። ክሎሪን ያለው ፕላስቲክ ሲግል የሚወጣው አሲድ ብረትም ሳንባም ይበላል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስና የቧንቧ ስብርባሪ በርሜሌ አጠገብ አይደርሱም።

ፌስታል ለብቻው አይሆንም። 110 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጥና የበርሜሉን ጉሮሮ ይደፍነዋል። ባሕር ዛፍ በትንንሹ ፈልጬ፣ እንጨቱን አብዝቼ ፕላስቲኩን አሳንሼ እቀላቅላለሁ። ከእንጨቱ የሚቀረው ከሰል የቀለጠውን ይይዘዋል፣ አየሩንም ያሳልፋል። መጀመሪያ ሬንጅ የተሸከመ ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል። ፍሙ ሲበረታ ጭሱ ይሳሳል፣ ነበልባሉም ወደ ሰማያዊ ያደላል።

አደራ፣ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሳይታወቅ ይገድላል። በርሜሌ ጋዙን ስለማያጣራ ሞተር ላይም አላገናኘሁትም፤ ሬንጁ ሞተሩን ያጣብቀዋል። ቀጥሎ የምሠራው ማጣሪያውን ነው። ወረታ የሩዝ ወፍጮ ቤቶች ጋ የሚከመረውን ገለባ እሞላበታለሁ።