ከሃሎፔሪዶል በፊት ግሉኮሜትር

ለድንገተኛ ክፍል ነርሶች የሚሰጠው የአእምሮ ጤና ሥልጠና በመድኃኒት ዝርዝር ባይጀምር ይሻላል። መጀመር ያለበት በግሉኮሜትር፣ በደም ስኳር መለኪያው ነው። እየጮኸና እየተራገጠ የመጣ ሰው የደም ስኳሩ በዴሲ ሊትር 45 ሚሊ ግራም ከሆነ የሚያስፈልገው ግሉኮስ እንጂ ማረጋጊያው ሃሎፔሪዶል አይደለም። መጠጥ የሚያዘወትር ከሆነ ታያሚንም (ቫይታሚን ቢ1) ይጨመርለት። ቀጥሎ ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ ትንፋሽ፣ ኦክስጅን። ትኩሳት ያለውን ወይም ቀኑንና ቦታውን የሳተን ሰው፣ ወባና ማጅራት ገትር ሳይጣራ «የሳይካትሪ ነው» ብሎ ማሳለፍ ነፍስ ያስከፍላል።

የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ፣ በሩን ሳይዘጋበት። አስታማሚው፣ ጥበቃውና ሐኪሙ በአንዴ ሲናገሩ ነገሩ ይባባሳል።

በንግግር ካልበረደና አደጋ ካለ፣ ለጎልማሳ ሃሎፔሪዶል 5 ሚሊ ግራም ከፕሮሜታዚን 25 እስከ 50 ሚሊ ግራም ጋር በጡንቻ ይሰጣል። ለአረጋውያን ሃሎፔሪዶሉ ከግማሽም ያንሳል። ፕሮሜታዚኑ ከተተወ የሃሎፔሪዶሉ መዘዝ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፦ አንገት ይጠመዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይቆለፋል። ቤተሰብ ጋኔን ነው ብሎ ጠበል ሊወስደው ይነሳል፤ ባሰበት ብሎ ሃሎፔሪዶል የሚደግም ባለሙያም አይጠፋም! ፕሮሜታዚን በጡንቻ ሲወጋ ግን ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይለቀዋል።

ሌላው ማረጋጊያ ዲያዜፓም በጡንቻ አይመረጥም፤ ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት አይታመንም። በደም ሥርም ቢሆን በዝግታ ይሰጥ፤ አልኮል የጠጣን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል።

ከመርፌው በኋላ ለአንድ ሰዓት በየ15 ደቂቃው ትንፋሽና የንቃት ደረጃ ይመዝገብ። የታሰረ ሰው በደረቱ አይተኛ፣ ብቻውንም አይተው።