በኪሎ ሊሸጥ የነበረው ጉዱ ካሣ

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ሥራዬን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚገባ ዕቃ ሁሉ፣ እስክሪብቶም ይሁን ጄኔሬተር፣ በሞዴል 19፣ በገቢ ደረሰኝ፣ እጄ ይገባል፤ በሞዴል 22፣ በወጪ ደረሰኝ፣ ደግሞ ከእጄ ይወጣል። ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ቢጠፋ፣ ቢረጥብ፣ አይጥ ቢበላው የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ሰኔ ለግምጃ ቤት ሰው ከባድ ወር ነው። በጀቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ግዢው ይጎርፋል፣ ቆጠራው ይጀመራል፣ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴውም የሚሰበሰበው በዚያው ሰሞን ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከጣና በኩል ይመጣና ይለቀዋል። ቆርቆሯችን የት የት እንደሚያፈስ ስለማውቅ ዕቃውን ከጥግ ጥግ ሳዛውር እውላለሁ።

በዚያ ሰኔ ሁለት ነገር ባንድ ሳምንት ገጠመኝ። መጀመሪያ ለኮሪደራችን የታሰቡ የታላላቅ ሰዎች ፎቶግራፎች ገቡ። ጥሩ ፍሬም፣ ጥሩ መስታወት፣ ከሥር ስማቸው በወርቃማ ቀለም ተጽፏል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ፣ አቤ ጉበኛ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ስንዱ ገብሩ፣ ሌሎችም። ሞዴል 19 ቆርጬ ተረከብኩ። ቀጥሎ ደግሞ የሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ደረሰኝ። የተሰበሩ ወንበሮች፣ የማይሠሩ ኮምፒውተሮች፣ ያለቁ ጎማዎች እያለ ይወርድና መጨረሻው ላይ “አሮጌ ወረቀት፣ 8 ማዳበሪያ፣ በኪሎ የሚሸጥ” ይላል።

አሮጌ ወረቀት የተባለው የድሮው ቤተ መጻሕፍታችን ነበር። ክፍሉ ለቢሮ ሲፈለግ መጻሕፍቱ በማዳበሪያ ታጭቀው ወደ እኔ ዘንድ መጡ፤ ርዕሳቸው ሳይመዘገብ፣ በጆንያው ብዛት ብቻ። “ቦታ እስኪገኝ” ተብሎ ነበር። ቦታው ሳይገኝ ኃላፊዎች ተቀያየሩና የነገሩን መነሻ የሚያስታውስ ጠፋ። በኪሎ ከተሸጡ የት እንደሚደርሱ አውቃለሁ። ቆራሌው ለባለሱቅ ያስረክባል፣ ባለሱቁ ገጽ ገጹን ቀዶ በርበሬና ቆሎ ይጠቀልልበታል።

ማዳበሪያዎቹን ወደ በሩ የሚያወጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ተቀጠረ። ከአቸፈር የመጣ፣ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ ልጅ ነው። አንዱ ማዳበሪያ ታችኛው ስፌቱ ተተርትሮ ኖሮ ሲያነሣው መጻሕፍቱ መሬት ላይ ተዘረገፉ። ልጁ ሊሰበስብ ጎንበስ አለና እዚያው ቀረ። ሽፋኑ ግማሽ የተቀደደ መጽሐፍ ይዟል።

“እትዬ፣ ይኼ አቤ ጉበኛ የኛ አገሩ ነው?”

“እሱው ነው” አልኩት።

“አቸፈር ስሙን የማያነሣ የለም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግሁት። የጻፈውን ግን ያየሁት ገና ዛሬ ነው።”

መጽሐፉ “አልወለድም” ነበር። በ1955 ዓ.ም. ሲወጣ የታገደው፣ ገና በእናቱ ማኅፀን ያለ ልጅ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልመጣም ብሎ የሚከራከርበት። አቤ በድፍረቱ ጎሬ ድረስ ተግዟል። ይህን ለልጁ ነገርኩት። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሌሎቹ ሲወጡ እሱ የተሰበረ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። ጭንቅላቱን ሳያነሣ አነበበ። ሰዓቱ ሲያልቅ ይዞት ሊሄድ ጠየቀኝ፤ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ መስጠት አልችልም። በምሳ ሰዓት እየመጣ እዚያው እንዲያነብ ግን ፈቀድኩለት። ፈቀድኩለት ማለቴ በሩን ክፍት ተውኩለት ማለቴ ነው፤ ማንበብን ለመፍቀድማ እኔ ማን ነኝ።

ያ ልጅ የተናገረው ነገር ማታ ቤቴም ተከትሎኝ ገባ። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ስም፣ ማንም የማያነበው መጽሐፍ። ግምጃ ቤቴ ውስጥ በአንደኛው ግድግዳ የአቤ ፎቶ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ በሌላኛው ግድግዳ የአቤ ሐሳብ በማዳበሪያ ታስሮ ቆራሌ ይጠብቃል። ሁለቱም በእኔ ፊርማ ሥር ናቸው።

እኔ ሐዲስ ዓለማየሁን የማደንቀው ፎቷቸውን አይቼ አይደለም። አባቴ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኛ ነበር። እሱ የሌሊት ፈረቃ ሲገባ ሬዲዮኑ ለኛ ይቀርልን ነበርና ወጋየሁ ንጋቱ የእሳቸውን “ፍቅር እስከ መቃብር” ሲተርክ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ይሰበሰባል። ሴቶቹ ለሰብለ ወንጌል ያለቅሱ ነበር። እናቴ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት። ትረካው ካለቀ በኋላ መጽሐፉን ተውሳ በጣቷ መስመር መስመሩን እየተከተለች ክረምቱን ሙሉ አነበበችው። ማንበብን ያወረሰችኝ እሷ ናት።

በ20ዎቹ ዕድሜዬ ሳነበው የበዛብህና የሰብለ ፍቅር ነበር የሚታየኝ። አሁን 50 ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ያለ መነጽር ማንበብ ትቻለሁ፣ ያው መጽሐፍ ሌላ ነገር ይነግረኛል። አሁን የምጠብቀው ጉዱ ካሣ የሚናገርበትን ገጽ ነው። ሰው ሁሉ እብድ ያለው ሰው፣ ዘር ቆጠራውንና የባላባቱን ሥርዓት ቁልጭ አድርጎ እያየ የሚናገር፣ የሚሰማው አጥቶም የማይተው። ፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ገበሬዎችም በወጣትነቴ ቶሎ የማልፋቸው ነበሩ፤ ዛሬ ቀስ ብዬ የማነበው እነሱን ነው። እስቲ በወጣትነት ያነበባችሁትን መጽሐፍ በዚህ ዕድሜ መልሳችሁ አንብቡት። መጽሐፉ አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ የኖራችሁት ኑሮ ግን ድሮ የተዘጋባችሁን ገጽ ይከፍትላችኋል።

ሌላም የምወድላቸው ነገር አለ። ሐዲስ የቢሮ ሰው ነበሩ። እዚሁ ዳንግላ ላይ በጉምሩክ ሠርተዋል፣ ትምህርት ቤት መርተዋል። ጣሊያን ሲወር በሽሬ ግንባር ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ፣ ተማረኩ፣ ኢጣሊያ ተወስደው ሰባት ዓመት ገደማ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በተባበሩት መንግሥታትና በለንደን የአገራቸው መልእክተኛ፣ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። የዓለምን ትልልቅ ከተሞች ያየ ሰው በ1958 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ግን የማንኩሳና የዲማ ነው፤ የቆሎ ተማሪው፣ የገባሩ፣ ለስለት የተሰጠው ልጅ ነው። በቀን ደብዳቤ እየፈረሙ፣ ስብሰባ እየገቡ ይህን ሁሉ በልብ ተሸክሞ መኖር ምን ያህል እንደሚከብድ የቢሮ ሰው ያውቀዋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም እንዲሁ ናቸው። በጣሊያን እስር ማቅቀው ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፣ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፣ በዚያ መካከል ጻፉ። እንዲህ ያለ ሰው የሚደነቀው ሲነበብ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳይነበብ የተሰቀለ ፎቶ ምንም አይነግረንም፣ ምንም አይጠይቀንም፤ መጽሐፉ ግን ይጠይቀናል።

የኮሚቴው ስብሰባ ሲደርስ ማዳበሪያዎቹን ፈትቼ፣ ልጁ እያቀበለኝ፣ መጻሕፍቱን በርዕስና በደራሲ መዝግቤ ነበር። የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት እትሞች ብዙ ናቸው። የታሪክ፣ የግብርና፣ የሕግ መጻሕፍት አሉ። አንዱ ማዳበሪያ በፍሳሽ ረጥቦ ገጾቹ ተጣብቀዋል፣ እሱን ማዳን አልተቻለም። ምስጥ የገባባቸውም ነበሩ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። ዝርዝሬን ሲያዩ ደከማቸው።

“እኅቴ፣ ሰኔ ነው። ለአሮጌ ወረቀት ይህን ሁሉ ገጽ እንፈርም?”

“አሮጌ ወረቀት ተብሎ የተመዘገበ ንብረት እኔ አልተረከብኩም፤ የተረከብኩት መጽሐፍ ነው። የሚወገድ ዕቃ ምንነቱ መታወቅ አለበት። ወንበሩን ‘አሮጌ እንጨት’ አላልነውም” አልኳቸው።

ከዚያ የፎቶግራፎቹን ሞዴል 19 አወጣሁና ስሞቹን አነበብኩ። ቀጥዬ ከመጻሕፍቱ ዝርዝር የእነዚያኑ ሰዎች ስም ከነርዕሱ አነበብኩ። ሌላ ንግግር አላከልኩም። ይዤው የገባሁትን “ፍቅር እስከ መቃብር” ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ሰብሳቢው አነሡት። ከመካከል ገለጥ አድርገው ጥቂት አነበቡ፣ ደግሞ ወደ ፊት መለሱት። “ይህን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ” አሉ። “ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለን ማታ ማታ። መጽሐፉን በእጄ ይዤው ግን አላውቅም።” ከኮሚቴው አባላት አንዷ ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ እሷም ትምህርት ቤት ሳለች ከመጽሐፉ የተቀነጨበ ምንባብ ለፈተና እንዳጠናች፣ ሙሉውን ግን እንዳላነበበች ተናገረች። ስብሰባው ሌላ መልክ ያዘ። ወንበሩና ጎማው ቶሎ አለቀ፣ መጻሕፍቱ ላይ ግን ረጅም ጊዜ ቆየን። አንዱ አባል የቦታን ጉዳይ አነሣ፣ ሌላው ኦዲተር ምን ይላል አለ። ተገቢ ጥያቄዎች ነበሩ፣ አንድ በአንድ መለስናቸው። ፈጽመው የተበላሹት እንዲወገዱ፣ የትምህርትና የሕግ መጻሕፍቱ በዝውውር ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጡ፣ ልብ ወለዱና ታሪኩ ደግሞ እዚሁ ኮሪደር ላይ ከፎቶዎቹ ሥር መደርደሪያ ተሠርቶለት ሠራተኛው በፊርማ እየተዋሰ እንዲያነብ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤው ላይ “አሮጌ ወረቀት” የሚለው ተሰርዞ “መጻሕፍት” ተባለ። ያን ቃለ ጉባኤ ስፈርም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከደስታ።

የውሰት መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ከባለሙያዎቹ ይልቅ የሚበዙት ሾፌሮችና የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው። ሾፌር መጠበቅ ሥራው ነው፣ ዘበኛም ሌሊቱ ረጅም ነው። መጀመሪያ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን የወሰደው ለመስክ ሥራ በቡሬ መንገድ ሲመላለስ ያረጀ ሾፌራችን ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ መጣና “እትዬ፣ ይኼ የበዛብህ ማንኩሳ እኔ ቡና የምጠጣበት ማንኩሳ ነው እንዴ?” ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ስለው ደስታውን ብታዩት። አሁን በዚያ ሲያልፍ ለተሳፋሪው ሁሉ ይተርካል አሉ።

በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የብራና መጻሕፍት በዕቃ ቤት ተጠብቀው ሲታዩ አይቻለሁ። ክብራንና ዳጋ ሴት ስለማይገባ የእነሱን በወሬ ብቻ ነው የማውቀው። ፍየል ታርዶ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ የተጻፈ መጽሐፍ በጣና እርጥበት መካከል ለዘመናት የቆየው የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ሁሉ ከቀደመው ተረክቦ ለሚቀጥለው ስላስረከበ ነው። እነዚያ መጻሕፍት የተጠበቁት ደግሞ ስለሚነበቡ፣ ስለሚቀደስባቸው ነው። የእኔም ሥራ ከዚያ የተለየ አይመስለኝም፣ ይህን ስል በሙሉ ልቤ ነው።

የአቸፈሩ ልጅ “አልወለድም”ን በምሳ ሰዓቱ ጨርሶታል። ከዚያ ሥራ በኋላም ዕቃ ለማውረድ በተጠራ ቁጥር መደርደሪያው ጋ ይቆማል። በቅርቡ የአቤን ሌሎች መጻሕፍት ጠየቀኝ፤ ከማዳበሪያዎቹ የወጣው ያ አንዱ ብቻ ነበር። ለዘንድሮው የግዢ ዕቅድ የክፍላችንን ፍላጎት ሳቀርብ ከቶነር፣ ከሳሙናና ከጎማ ቀጥሎ መጻሕፍት ብዬ አንድ ተራ ቁጥር ጨመርኩ። የግዢ ባለሙያው አልተቃወመም። እንደ ማንኛውም ዕቃ ዝርዝር መግለጫውን ጽፌ እንዳመጣ ነገረኝ፤ እኔም የደራሲዎቹን ስምና ርዕሱን ከነብዛቱ ጽፌ፣ ፈርሜ ሰጠሁት።