ቢጫው ቀለም አይሸውዳችሁ

ማስተርሴን የሠራሁት ብር ናኖፓርቲክል ላይ ነው ስል ዘመድ ሁሉ "እና ብር ማተም ቻልሽ?" እያለ ይቀልድብኛል። የኔ ብር የጌጡ ብር ነው፣ እሱንም ከ100 ናኖሜትር በታች አድርጎ ውሃ ውስጥ መበተን። ሰሞኑን ላብ የጀመሩ ልጆች ኢንቦክስ እየገቡ ስለሚጠይቁኝ በቃ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ የጀመርኩት በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ነው፣ የብር ጨውን ወደ ብር የሚቀይር ኬሚካል። 30 ሚሊ ሊትር 2 ሚሊሞላር ቦሮሃይድራይድ በረዶ ውስጥ ታስቀምጡና ማግኔቲክ ስተረር (በማግኔት የሚያማስል መሣሪያ) ላይ እየዞረ 10 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊሞላር ሲልቨር ናይትሬት (የብር ጨው ነው) ጠብ ጠብ ታደርጉበታላችሁ፣ በሰከንድ አንድ ጠብታ ገደማ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይመጣና እየደመቀ እየደመቀ ሄዶ እርድ ጣል ያደረጉበት ውሃ ይመስላል፣ እኔ እስካሁን ሳየው ደስ ይለኛል። ጠብታው እንዳለቀ ግን ስተረሩን አጥፉት! እኔ ስልክ ላነሳ ወጥቼ ስመለስ ግራጫ ሆኖ ጠበቀኝ፣ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ማለት ነው። ቦሮሃይድራይዱ ብሩን ከመሥራቱ ሌላ ቅንጣቶቹ ላይ ተለጥፎ እርስ በርስ የሚያራርቃቸውም እሱ ነው፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ ቶሎ ስለሚበላሽ ነው በረዶው የሚያስፈልገው፣ የትናንት ብጥብጥም አይሠራም።

ከዚያ በፊት ግን ሲልቨር ናይትሬቱን ገና ስበጠብጠው ስስ ጉም ነገር ሆነብኝ። የላቡ ቴክኒሻን አየት አደረገና "አንቺ ልጅ፣ በቧንቧ ውሃ ነው እንዴ ያለቀለቅሽው?" አለኝ። አዎ። የቧንቧ ውሃ ክሎራይድ አለው፣ ብርና ክሎራይድ ሲገናኙ ነጭ ሲልቨር ክሎራይድ ይሆናሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ሁሉ መጨረሻው ዲስቲልድ ውሃ ነው። (ጓንትም አድርጉ፣ ጣቴ ጠቁሮ ቀናት ሙሉ ሂና ነው ስል ነበር።)

በሲትሬት ማፍላትም አለ፣ ሊ እና ማይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት፣ 90 ሚሊግራም ሲልቨር ናይትሬት በ500 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍልቶ 10 ሚሊ ሊትር 1 ፐርሰንት ሶዲየም ሲትሬት ጨምሮ አንድ ሰዓት ያህል ማንተክተክ። የቅንጣቶቹ መጠን በጣም ይለያያል፣ መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ደግሞ እንደገና ሀ ብላችሁ ነው።

ዋናው ጣጣዬ የመጣው በቦሮሃይድራይዱ ፈንታ በሽፈራው ቅጠል ውሃ ስሠራ ነው። ሁሉም ሰው "ቀለሙ ቡናማ ሆነ፣ ተሠራ" ይላል፣ ግን እኮ የቅጠሉ ውሃ ራሱ ቢጫ ነው! ዩቪ-ቪዝ (ፈሳሹ የትኛውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ የሚለካው መሣሪያ) ላይ ብላንካችሁ፣ ማለትም ማነጻጸሪያችሁ፣ ንጹህ ውሃ ሳይሆን በዚያው ልክ የቀጠነ የቅጠሉ ውሃ ይሁን። የኔ 430 ናኖሜትር አካባቢ ሰፋ ያለ ፒክ (ጉብታ) ሰጠኝ፣ የቦሮሃይድራይዱ 395 ላይ ቀጭን ነበር፣ ደህና ነው አልኩ። ከዚያ ኤክስአርዲ መጣ፣ በኤክስሬይ ውስጡ ምን ክሪስታል እንዳለ የሚለየው ምርመራ፣ ፒኮቹ የሚነበቡት በዲግሪ ነው። 38.1፣ 44.3፣ 64.4፣ 77.4፣ እነዚህ የብር ናቸው፣ ግን 27.8፣ 32.2 እና 46.2 ላይም ቁጭ ያሉ አሉ። የቅጠሉ ይሆናል ብዬ ልዘለው ነበር፣ ስንት ሰውም እንደዛ ብሎ የሚያልፈው ይመስለኛል። ለካ ሲልቨር ክሎራይድ ነው፣ ያ ከዕቃዬ በስንት ማለቅለቅ ያባረርኩት ክሎራይድ በቅጠሉ በኩል ዞሮ ገባ።

ዲኤልኤስን (በብርሃን መበተን የቅንጣት መጠን የሚለካውን) በተመለከተ፣ ከቲኢኤም (ከኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ) የበለጠ ትልቅ ቁጥር ሲሰጣችሁ አትደንግጡ፣ እሱ የለበሱትን ሽፋን ጭምር ነው የሚለካው፣ ጥቂት ትልልቅ ቅንጣቶች ካሉም ትንንሾቹን ይጋርዱበታል።

ሲልቨር ክሎራይዱን ለማስወገድ ናሙናዬን ሴንትሪፊውጅ አድርጌ (በፍጥነት አሽከርክሬ አዝቅጬ) በቀጭን አሞኒያ አጠብኩትና 32.2ቷ ጠፋች። ያጠባችሁበትን አሞኒያ ግን አታሳድሩት፣ ብር ያለበት አሞኒያ ሲቆይ የሚፈነዳ ነገር ይሠራል፣ ወዲያው አሲድ ጨምሩበትና በቆሻሻ ጠርሙሱ ይሂድ።